ጨፌማ ያውቃል

አዴ ድንቅቱ ጠዋት ጠዋት ቄጠማ ከማጨዳቸው በፊት የቀኝ ጫማቸውን ያወልቁና ተረከዛቸውን ሣሩ ላይ ጫን ያደርጋሉ። የተረከዛቸው አሻራ ቀስ እያለ ውሃ ሲሞላ ያዩና «አለ» ብለው ጫማቸውን መልሰው ያጠልቃሉ።

ቦታው አምቦ ውስጥ፣ ከሰፈራችን በላይ፣ ከኮረብታው ሥር ያለ ጨፌ፣ ውሃ የማይለየው ረግረግ መስክ ነው። ልጆች ሳለን ክረምት ሲገባ ከእንቁራሪቱ ጫጫታ የተነሣ በጨፌው ዳር ሆነን መጠራራት ያቅተን ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዚያ የታጨደ ነው፤ ሽታው ዛሬም ከመስከረም ቀድሞ ይመጣብኛል። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ሲደርስ ረጋ ይላል፣ ይሰርጋል። ወደ ቤታችን የሚዘልቀው ትራፊው ብቻ ነበር።

በ2009 ጨፌው በገረጋንቲ ተሞልቶ ለቤት ፈላጊ ወጣቶች ሊከፋፈል ታሰበ። አዴ ድንቅቱ ውሃው ወዴት ይሂድ ብለው ቢጠይቁ፣ ቦይ ይሠራለታል ተባሉ። አንድ ቀን እያጨዱ ሳለ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ቀያሽ ሜትሩን ይዞ መጣ።

«እናቴ፣ ይሄ ቦታ የማን ነው?»

«ጨፌ ነው።»

ቀያሹ ቀና አለ። እሱ የሚያውቀው ጨፌ የክልሉ ምክር ቤት ነው።

«ጨፌ ይሄን ነገር ያውቃል?»

«ጨፌማ ከኛ በፊት ያውቃል።»

ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። ምክር ቤቱ ያውቃል አያውቅም እየተባለ ከቢሮ ቢሮ ሲጠየቅ ክረምቱ ገባ። የራሱን ጨፌ ቀደም ብሎ ደልድሎ ቤት የሠራበት ጎረቤት ሰፈር ጎርፉ ፍራሽ ሳይቀር ጠራርጎ ወሰደበት። የኛ ውሃ ቄጠማው መሀል ተኝቶ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጨፌውን የመሙላቱን ነገር ያነሣ የለም።

አሁን ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች ዳር ዳሩን ቀርከሃ ተክለውበት «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» ይሉታል። አዴ ድንቅቱ ስሙ ረዘመ እንጂ ያው ጨፌ ነው ይላሉ። የባጃጅ ልጆች ሲያልፉ «የተከበሩ አዴ ድንቅቱ፣ ስብሰባው እንዴት ዋለ?» ይሏቸዋል፤ በማጭዳቸው ያስፈራሯቸውና ይስቃሉ።

ልጃቸው ፍሮምሳ ጊንጪ ቤት ተከራይቶ እህል ይነግዳል። በዓል በመጣ ቁጥር ለምለሙን ቄጠማ መርጠው ያስሩና ለእሱ ብለው በር ሥር ያኖሩለታል። ሌላው ተሸጦ ያልቃል፤ ያ እሥር እዚያው ይጠወልጋል።

ይህን ልጽፍ ሳስፈቅዳቸው ሁሉንም ጻፊ አሉኝ። አንዱን ብቻ ተይው አሉ፤ ጨፌው ላይ የቤት ቦታ ሊደርሳቸው ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ፍሮምሳ መሆኑን።