«እማማ» ብላ የታገደች ልጅ

ይህ ነገር ከደረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰሞን ነበር። በዕድሜዬ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ የጮኸብኝም፣ ያለ ጥፋቴ የቀጣኝም፣ ያመሰገነኝም አለ። ቢሮዋ ድረስ ሄጄ የተጣላኋት፣ ዛሬ ግን ስሟን በጸሎቴ የማነሳት አለቃ አንዲት ብቻ ናት። ይህን ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኛል።

የልጅ ልጄ መክሊት ትባላለች። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መክሊት ኮሌጅ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች። በመጨረሻ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የሱፐርማርኬት ድርጅት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለው መደብሩ ካሸር አድርጎ ቀጠራት። ገና ሳይነጋ ወጥታ ታክሲ ትሰለፋለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ትመለሳለች። አንድ ቀን ስታማርር ግን አልሰማሁም።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በፊት ቤት መጣች። ዩኒፎርሟን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ማታ እየተማርኩም ስድስተኛ ክፍል ድረስ ሄጃለሁ። መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ለደንበኛ ተገቢውን ክብር ባለመስጠቷ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግዳለች፣ የመጨረሻው ውሳኔ ሰኞ ይነገራታል ይላል።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«እማማ ብዬ።»

«ምን?»

«አንዷን ደንበኛ ‹እማማ፣ ፌስታል ልጨምርልዎት?› አልኳት። ‹እማማሽን ቤትሽ ፈልጊ!› ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ኃላፊው ጋ ሄደች። በቃ፣ ወረቀት ሰጡኝ።»

ነገሩ ለከተማ ሰው አይጠፋውም። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጥፍሯን ተቀብታ የወጣች የአምሳ ዓመት ሴት እማማ ስትባል በአንዴ አሥር ዓመት የተጫነባት ይመስላታል። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን መክሊት አፏን ከፈታች ጀምሮ እኔን የምትጠራኝ እማማ ብላ ነው። ትልቅ ሴት ስትገባ ተነሺ፣ እማማ በያት ብዬ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። በዚህች ልጅ አፍ ከዚህ ቃል የሚበልጥ ክብር የለም። ታዲያ የኔ መጠሪያ ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?

የባሰው ፍርሃቴ ሌላ ነበር። በዚህ ዓይነት የተሰናበተ ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጻፍለትም አለችኝ። ሌላ ቦታ ስታመለክት «የት ነበርሽ? ለምን ወጣሽ?» ቢሏት ምን ትላለች? እንደገና ቤት መቀመጥ ሊመጣባት ነው።

«ነገ ዋናው መሥሪያ ቤታቸው እሄዳለሁ» አልኩ።

«እማማ፣ በእመብርሃን ተይ! አያቷን ላከች ብለው ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ጥርስ ካላቸው።»

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ሁለት ታክሲ ነው። የሕንፃው በር ላይ አንድ ወጣት ጥበቃ ቆሟል።

«ቀጠሮ አለዎት እማማ?» አለኝ።

«ዋ! ተጠንቀቅ ልጄ። በዚህች ቃል ከሥራ ያግዳሉ» አልኩት።

ምን እንዳልኩት ሳይገባው አሳለፈኝ።

ላይ ስወጣ ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀበለችኝ፤ መልሷ ግን አንድ ነው። «ዋና ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ላይ ናቸው። እሳቸውን ያለ ቀጠሮ ማግኘት አይቻልም።»

«ጡረተኛ ነኝ፣ ቀኑ በሙሉ የኔ ነው» ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እሳቸው፣ እሳቸው ስትል እኔ የታየኝ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ክራባት ያሰረ ወንድ ነው። ለእሱ የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። በመጨረሻ የስብሰባው በር ተከፈተ። ክራባት ያሰሩ ወንዶች ተከታትለው ወጡ። ከኋላቸው አንዲት አምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወጣች። ሻሽ አስራለች፣ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጋለች፣ ከጠረጴዛው ያነሳችውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ታቅፋለች።

«የኔ ልጅ፣ አለቃሽ መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳት።

ቆም አለች። «የኔ አለቆች? የቦርዱ አባላት ናቸው፤ እነሱማ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚሰበሰቡት። እስከዚያ እዚህ ከሚቀመጡ በእኔ ይሞክሩ።»

ጸሐፊዋ ብድግ አለች። «ማዳም፣ ቀጠሮ የላቸውም። ነግሬያቸው ነበር...»

ሥራ አስኪያጅዋ ራሷ መሆኗ ያኔ ገባኝ። አፈርኩ። ንዴቴ ግን ከሐፍረቴ ይበልጥ ነበርና ተከትያት ገባሁ።

ይቀመጡ ብትለኝም አልተቀመጥኩም። እርስዎ ልበላት አንቺ ግራ ገብቶኝ በእናንተ ጀመርኩ። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። እዚያ ክር የሰረቀ እንኳ ሲያዝ ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ይባል ነበር። የኔን ልጅ ማን ጠየቃት? ማንም! እማማ ማለት ጥፋት ከሆነ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሉ እኔን አግዱኝ።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እማማ ስላለች ብቻ ነው ያገዷት?»

«አዎ።»

«ሌላ የተናገረችው የለም?»

«የለም። እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት።»

ስልክ አነሳችና ለቅርንጫፉ ኃላፊ ደወለችለት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ማዳም፣ እማማ ማለቷ አይደለም ችግሩ» አለ ሰውዬው። «ደንበኛዋ ስትቆጣ ልጅቷ ምን አለቻት መሰለዎት? ‹ይቅርታ፣ ሕፃን መሆንዎን አላወቅሁም!› ሰልፍ የያዘው ሰው በሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ዕቃዋን ጥላ ሄደች።»

ጆሮዬ ጋለ። ይህን መክሊት አልነገረችኝም። ምላሷ የማን እንደሆነ ግን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የኔው ነው። ሁለቱን ወገን ስሙ ብዬ ልጮህ የመጣሁት ሴትዮ፣ ለካ ራሴ ግማሹን ብቻ ሰምቼ ኖሯል። «ሌላስ ምን አልሽ?» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሥራ አስኪያጅዋ ገና ስልኩ ላይ ናት። «ልጅቷን ጠየቃችኋት?» አለችው።

«ሰልፍ ነበር ማዳም። ጊዜ አልነበረም።»

«ሰልፉ ካለቀ በኋላስ?»



ስልኩ ሲዘጋ ወረቀቴን አንስቼ ወደ በሩ ዞርኩ። 

«የት ይሄዳሉ? ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። «እስቲ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይፈርዱ ነበር?»

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አላሾፈችም፣ መልሴን እየጠበቀች ነው። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ማሯት ብል ሴትዮዋ በሰው ፊት ተዋርዳለች። አባሯት ብል ልጄ ቤት ልትቀር ነው። በሌላ ሰው ልጅ ላይ መፍረድ ቀላል ነበር። በራስ ልጅ ሲሆን አንደበት ይታሰራል።

«ለእማማው አትቀጣ» አልኩ በመጨረሻ። «ለሕፃኑ ትቀጣ።»

ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና «እንዳሉት ይሁን» አለች።

ሻይ አስመጣችልኝ። እየጠጣን ስለራሷ አጫወተችኝ። አባቷ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች አንድ ሱፐርማርኬት ገብታ ሽንኩርትና ቲማቲም በመመዘን ሥራ ጀመረች። ከዚያ ስምንት ዓመት ካሸር ሆና ቆመች፤ ማታ ማታ አስተዳደር ተማረች። የቅርንጫፍ ኃላፊ ስትሆን ዕቃ የሚያመጡት ነጋዴዎች እሷን አልፈው ምክትሏን ነበር የሚጨብጡት። «‹አለቃሽ የታለ?› ይሉኛል። ዛሬ እርስዎ እንዳሉኝ» ብላ ወጋ አደረገችኝ። ኋላ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ሊዘጋ ሲል መሪነቱን ለእሷ ሰጧት፤ በእግሩ አቆመችው። ይህ የሱፐርማርኬት ድርጅት የጠራት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የተናገረችውን ግን ከአለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ካሸር ሳለሁ ብዙ ጊዜ ቅጣት ተነግሮኛል። አንድ ቀን ግን ተጠይቄ አላውቅም። ከፍ ካልኩ ይህን አልረሳም ብዬ ነበር፤ ይኸው ረሳሁት። የእገዳ ደብዳቤ እዚያው በየቅርንጫፉ ተጽፎ እንዲያልቅ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ ሥራው ይፍጠን ብዬ። ጥፋቱ ከእኔ ነው የሚጀምረው።»

ይህን ያለችው ለማታውቃት አሮጊት ነው። ባትለው ማንም አይጠይቃትም ነበር።

ጸሐፊዋን ጠርታ እዚያው አስጻፈች። የእገዳው ወረቀት ተሰረዘ። መክሊት ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሕፃን ስላለችው ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፣ ደንበኛዋንም ራሷ ደውላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያ ቀን ወዲያ በየትኛውም ቅርንጫፍ ማንም ሠራተኛ የሆነውን በራሱ እጅ ጽፎ ሳይሰጥ እንዳይታገድ አዘዘች።

ልሰናበታት ስነሳ «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፤ ስጸልይ አንቺንም እንዳነሳሽ» አልኳት።

«እናቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ» አለች እየሳቀች። «ስሜ ነጂማ ነው። በእሱ ቢጸልዩልኝ አይደርስም?»

ሻሿን አየሁት። እኔም የማስረው ዓይነት ነው፣ በምን ልወቅ! «ይደርሳል እንጂ» አልኳት። «እዚያ ቤት ቀጠሮ አይጠየቅም።»

ቤት ስገባ መክሊት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ሕፃን አልሻት?»

አንገቷን ደፋች። «ከአፌ አመለጠኝ።»

«ከእኔ አፍ ነው አምልጦ አንቺ አፍ የገባው» አልኳት። ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ። ከዚያ ግን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገርኳት፣ አንድ ቃል ሳታስቀር።

በማግሥቱ ቁጥሯን ከቅርንጫፉ ተቀብላ ደንበኛዋ ጋ ደወለች። ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ «እሺ» ብቻ ብላ ዘጋችው። እስከ ዛሬ እዚያ መደብር ትገበያያለች፣ መክሊት ካሸር ሳለች ግን ሁልጊዜ የምትሰለፈው ሌላዋ ጋ ነበር። መብቷ ነው፣ አልቀየማትም።

ወይዘሮ ነጂማ ዛሬ ከዚያ ድርጅት ወጥታ ከእሱ የሚበልጥ ሌላ የንግድ ድርጅት ትመራለች አሉ። ከዚያች ዓርብ በኋላ አይቻት አላውቅም። መክሊት የፈረቃ ኃላፊ ሆናለች። ባለፈው ወር በእሷ ሥር ባለች አዲስ ልጅ ላይ ደንበኛ አቤቱታ አቀረበ። እራት ላይ ስትነግረኝ እጄ ከመሶቡ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ወንበር ሰጥቻት ጠየቅኳት» አለችኝ። እንዲሁ፣ እንደ ተራ ነገር።

ብዙ ሰው ሥራ አስኪያጅዋ ልጄን አዳነችልኝ ስል ምሕረት ያደረገችላት ይመስለዋል። መክሊት ተቀጥታለች፣ ይገባታልም። ያ ቅጣት ግን ተጠይቃ፣ ተሰምታ የተሰጣት ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስታገልለት ኖሬ ያጣሁትን ነገር ለልጄ አገኘሁላት። ይህን ሳስበው ዛሬም ልቤ ይሞላል።

እሑድ ሳሊተ ምሕረት ስሳለም የልጆቼን ስም እጠራና «ነጂማ» እላለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ የምትጸልይ ሴት ሰማችኝና ዞር ብላ «ይሄ ደግሞ የማን ስም ነው?» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ።

«እንኳን ጠየቅሽኝ» አልኳት። ቅዳሴው እንዳለቀ ከዛፉ ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።