በመስኮቴ ላይ የተቀመጡት ዘጠኝ ፀጉረ ልውጦች

ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ባል ሳላገባ፣ ዘጠኝ አሻንጉሊት ነበረኝ። ጎፋ ውስጥ ከእናቴ ጋር የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ የእኔ ነው ይባል እንጂ አልጋው ጭምር የእነሱ ነበር። እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ውለጂልኝ ብላት ሰፋችልኝ» እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር።

ሁለቱን የገዛኋቸው ናቸው። አንዷ መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ያገኘኋት፣ አንድ ዓይኗ አልከደን ያላት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ናት። ሌላዋን ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ ነው የገዛኋት፤ ከድስትና ከመጋረጃ ጋር ተደርድራ ነበር። ሰባቱን ግን ራሴ ነኝ የሠራኋቸው። ቀን ቀን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የወንድ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ፣ ለመጣል የተፈቀደውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከዘንቢሌ አውጥቼ ሌላ ስፌት እጀምራለሁ። ፊታቸውን የምሠራው ከተቀደደ ስቶኪንግ ነበር። ጥጥ እጠቀጥቅበትና አፍንጫው የሚሆነውን ቦታ በመርፌ ቆንጠጥ አድርጌ ክሩን እስባለሁ። ክሩ ከጠበቀ ቁጡ ሰው ይወጣል፤ ከላላ ደግሞ ጉንፋን የያዘው። ጥጥ ሲጠፋ፣ በዚያን ዘመን ደግሞ ያልጠፋ ነገር አልነበረም፣ ሆዳቸውን ባገኘሁት ነገር እሞላው ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ አንዲት ባልቴት ጎረቤት ነበሩን። እሳቸውና እናቴ ከተኳረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። እናቴ አጥባ ያሰጣችው ባለ አበባ ሻሽ ከገመድ ላይ ስለጠፋ ነው። እናቴ ማንንም በስም አልጠራችም። አጥሩ ሥር ቆማ ግን፣ ሻሼን ያሰረ ራስ፣ ራስ ምታት አይለየው ብላ ተራገመች። አጥሩ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ አያስቀርም።

አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ አሻንጉሊቶቼን አጠብኳቸው። ፀጉራቸው የሹራብ ክር ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም፤ እያንዳንዷን ራሷን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ትከሻ ለትከሻ አስደግፌ ደረደርኳቸው። ስሱን መጋረጃም ጋረድኩ። ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ ራሳቸውን የተከናነቡ ዘጠኝ ሰዎች ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ አንድ እንግዳ ቢያድር እንኳን ለቀበሌ ማስመዝገብ ግድ ነበር። ጎረቤታችን አዩ፣ ቆጠሩ፣ ሄደው ተናገሩ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። አንዱ ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ፣ ሌላው ረጅም ወጣት ነው። ጎረቤታችን ከኋላቸው ተከትለው፣ ከበሩ አላለፍኩም ለማለት ያህል አንድ እግራቸውን ብቻ አስገብተው ቆሙ።

«እማማ፣ ስንት ሰው አለ ቤት ውስጥ?» አለ ጎልማሳው።

«እኔና ልጄ።»

«ዘጠኝ ፀጉረ ልውጥ ስብሰባ ላይ ታይቷል።»

እናቴ፣ ዘጠኝ ሰው ቢመጣላት ደስታውን እንደማትችለው፣ በዚህች ልጅ አመል ግን አንድም ሽማግሌ ደጃችንን ረግጦ እንደማያውቅ ነገረችው። እሱ አልሰማትም። ወደ እኔ ክፍል ገባና መጋረጃውን በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጥ አደረገው። ዓይኗ የማይከደነው አፈጠጠችበት።

ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ግን ባዶ እጃቸውን መመለሱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ወጣቱ በራሪ ወረቀት በአሻንጉሊት ሆድ ሊደበቅ እንደሚችል አሳሰበ። አንድ በአንድ እያነሱ ሆዳቸውን መጫን ጀመሩ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ጎልማሳው ቆመ፤ ይህቺ ውስጧ ሌላ ነገር አለ አለ። እኔ የፈራሁት ግን ወረቀት አልነበረም። እናቴ ንጹሕ መሆናችንን ለማሳየት ቸኩላ መቀሱን ራሷ አምጥታ ሰጠችው።

መጀመሪያ አንድ ካልሲ ወጣ። ቀጥሎ ቀይ ጨርቅ፤ ሲስበው እየረዘመ፣ እየረዘመ መጣ። ባለ አበባው ሻሽ ነበር።

ያን ሻሽ ነፋስ ከገመዱ ነቅሎ ሽቦ ላይ ሰንጥቆት ነው ያገኘሁት። ለእናቴ ልነግራት ስል እሷ መራገም ጀምራለች፤ እርግማኑ በየቀኑ ሲጨምር ደግሞ እኔ ሻሹን እያራቅኩ ሄጄ መጨረሻው ሆድ ውስጥ ሆነ።

ጎረቤታችን ሁለተኛውን እግራቸውንም አስገቡ። «ስምንት ወር» አሉ ቀስ ብለው። «ስምንት ወር ሙሉ ራሴን ባመመኝ ቁጥር፣ ሳልሰርቅ እርግማኗ ያዘኝ እያልኩ ጠበል ለጠበል ስንከራተት!»

እናቴ ሻሹን አጣጥፋ በእጇ ያዘችና ወደ ጎልማሳው ዞረች። «አሻንጉሊቶቹን ውሰድልኝ» አለችው፤ «እሷንም አብረህ ውሰድልኝ።»

ወሰደኝ። ወጣቱ አሻንጉሊቶቹን በጆንያ ተሸከመ፤ የጆንያው አፍ ስላልገጠመ ሁለት ጥምጥም ራሶች ወጥተው የሰፈሩን ሰው እያዩ ሄዱ። ስንወጣ እናቴ ለጎረቤታችን ወንበር ስታቀርብላቸው አየሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፈገግታ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ዘጠኙንም ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ማን ማን እንደሆኑ በተራ ጠየቁኝ። ይህቺ ሙሽራ ናት፣ ይህቺ ሚዜዋ ናት፣ ይህቺ ለጥምቀት የለበሰች ናት እያልኩ አስረዳሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሁሉም ድግስ የሚሄዱ ናቸው» አሉ። «ሥራ የሚሄድ የለም?»

አሰብኩት፤ እውነትም አንድም የለም። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስተክል ውዬ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ለመስፋት አንድ ቀን እንኳን አምሮኝ አያውቅም። ይህንን ግን ለሊቀመንበር አይናገሩትም። እሳቸውም ፍርዳቸውን ሰጡ፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀበሌው የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ስላለ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ገበሬና አንድ ወታደር ሠርቼ እንዳመጣ፤ እስከዚያ ዘጠኙ ቁም ሣጥናቸው ላይ እንዲቆዩ።

ሠራተኛውና ገበሬው አላስቸገሩኝም። ወታደሩ ግን ፈተነኝ። ከዚያ በፊት ለአንዷም ጆሮ ሠርቼ አላውቅም፤ ፀጉራቸው ይሸፍነዋል። ወታደር ደግሞ ፀጉሩ አጭር ነው። ኮፍያውን ባደረግኩለት ቁጥር እየተንሸራተተ ዓይኑ ላይ ይወድቃል። ኮፍያው እንዲያርፍበት ብዬ ጆሮ ሰፋሁለት፤ አልበቃውም። ፈትቼ ሰፋ አደረግኩት፤ አሁንም ወደቀ። በአራተኛው ኮፍያው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ደስ ብሎኝ አፍንጫውን ጠበቅ አድርጌ ጨረስኩት።

የዐውደ ርእዩ ቀን አዳራሹ በሰፌድና በጥልፍ ትራስ ሞልቷል። የሴቶች ማኅበር አባላት ወታደሬ ፊት ሲደርሱ አንዷ ሌላዋን በክርን ትነካለች፤ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ሥራዬን የናቁት መስሎኝ ከፋኝ። የገባኝ፣ ሊቀመንበሩ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ለመጡት እንግዶች ለማስረዳት ከወታደሩ ጎን ሲቆሙ ነው። ያው ጆሮ፣ ያው ኮፍያ፣ ያው የተኮሳተረ አፍንጫ። እናቴ ትሙት፣ ስሰፋው አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላሉኝም።

ከእንግዶቹ አንዱ ወታደሩን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ እንደገና ወታደሩን አየ። ከዚያም ሰፊው ሕዝብ ለአመራሩ ያለውን ፍቅር በዚህ መልክ መግለጹ የሚያስመሰግን ነው ብሎ አጨበጨበ። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም ማመስገን ግድ ሆነባቸው።

ሰው ሲበተን አስጠሩኝ። ወታደሩ እጃቸው ላይ ነበር።

«የእኔ ጆሮ እንዲህ ነው?» አሉኝ።

የኮፍያውን ችግር ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ስፌት ድረስ ተናዘዝኩ። የወታደሩን ኮፍያ በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ አልወደቀም። «እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «የእኔም ኮፍያ ወድቆ አያውቅም።» ዘጠኙን በጆንያ አስረከቡኝ። ወታደሩን ግን አልመለሱልኝም።

ከሳምንት በኋላ ባለቤታቸው የአሮጌ ቀሚሳቸውን ቁራጭ ይዘው እቤት መጡ። ወታደሩ ሳሎን ቡፌ ላይ ተቀምጦ እንዳፈጠጠባቸው፣ ባላቸው ቢሮ ሲውሉም የሄዱ እንደማይመስላቸው ነገሩኝ። አጠገቡ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ከዚህ ጨርቅ እንድሠራላቸው ፈለጉ።

«አፏ ክፍት ይሁን» አሉኝ ሲወጡ። «እስኪ ቡፌው ላይ እንኳን እኔም ልናገር።»

አፉ የተከፈተ አሻንጉሊት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ስቶኪንግ ካበላሸሁ በኋላ፣ በሦስተኛው ተሳካልኝ።