በአሥራ ስድስት ዓመቴ መራጭ የሆንኩ ጊዜ

ይህ የደረሰብኝ ጋምቤላ ከተማ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰሞኑን የሠፈራችን ሰዎች ታዳጊዎች ይምረጡ አይምረጡ እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ሁሉም ነገር ተመለሰብኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ ግን እንደ ብዙዎቹ የጋምቤላ ልጆች ቀድሞኝ ተመዝዞ ነበር። የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር አንድ የቀበሌ አስተባባሪ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይሰበስብ ነበር። እናቴ ልጄ ገና ነው ብትለው ቁመቴን እያየ ሳቀባት። ሁለት ጎረቤቶች አሥራ ስምንት ሞልቶታል ብለው መሰከሩልኝና ካርድ ወሰድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። መርጬ ስወጣ የክፍል ጓደኞቼ ቀኑብኝ። ካርዱንም ከኪሴ አልለየውም ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ባሮ ዳር ጎረምሶች ተጣሉና አንድ ባለባጃጅ ተፈነከተ። እኔ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም። ፖሊስ ግን እዚያ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ወሰደ። እናቴ ዓሣ ከምትሸጥበት ገበያ እየሮጠች መጣች። ልጅ ስለሆነ ከትልልቆች ጋር አታስሩት ብላ ለመነች። መርማሪው ከኪሴ ያወጣውን ካርድ አሳያት።

«ሲመርጥ ትልቅ ነበር። አሁን ልጅ ሆነ?»

የእናቴ አማርኛ ብዙ አይደለም። የሆነውን ልታስረዳ ስትሞክር ቃል አጠራት። አንዱ ፖሊስ አነጋገሯን እያስመሰለ ሌሎቹን አሳቃቸው።

የገባሁበት ክፍል በሙቀትና በሰው የታፈነ ነበር። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት ሰውዬ፣ የካርዱን ወሬ ሰምቷል። እዚህም ምርጫ አለ፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ የሚተኛው የሚለየው በድምፅ ነው አለና የእኔን ስም ጠራ። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። እኔ ሳላወጣ ስቀር ግራ ጆሮዬ ላይ በጥፊ አጮለኝ።

«አንተም አውጣ እንጂ። መራጭ አይደለህ?»

እጄን አወጣሁ። ሳቁ አላቆመም።

የተፈታሁት ባለባጃጁ ራሱ ድኖ መጥቶ፣ የመታኝ እሱ አይደለም ሲል ነው። ይቅርታ ያለኝ የለም። በግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አልሰማም።

ልጅ ይምረጥ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ዕድሜዬ ከደረሰ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዳግመኛ ተመዝግቤ አላውቅም። የቀበሌ ሰዎች ሲመጡ በር ላይ የምትወጣው እናቴ ናት። «እሱ መርጦ ጨርሷል» ትላቸውና ትዘጋባቸዋለች።