ደረቅ መልሕቅ የሚባል ባንድ ነበረን

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሊያ ጋር ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለችው የሐበሻ ሱቅ ገብተን ነበር። እኔ የሽሮውን ላስቲክ እያገላበጥኩ የታሸገበትን ቀን እፈልጋለሁ፤ ባለሱቁ አሮጌውን ከፊት እንደሚደረድር ከድሮም እጠረጥረዋለሁ። ቀና ስል አንድ ነጭ ሽማግሌ እንጀራ ይመርጣል። ጣቱን ላስቲኩ ላይ ጫን እያደረገ ልስላሴውን ይፈትናል። ይሄን ደግሞ ማን አስተማረው ብዬ ሳየው፣ ጢሙ ነጣ እንጂ ሰውየው ዴል ነው። እሱም አየኝ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ ጋሪውን እንደያዘ፣ «ሴኒ፣ ያን ጊዜ ለምንድን ነው እምቢ ያልሽን?» አለኝ።

እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት? ደሜ ፈላ። ሃያ ምናምን ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት እነሱ እንዳባረሩኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአክስቴ ከእትዬ አስካለ ጋር እኖራለሁ፣ ቀን ቀን ፖላሪስ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ መዝሙር አወጣለሁ። ከምንከባከባቸው አንዷ የዴል እናት ነበሩ። ካልዘፈኑላቸው ማንኪያ አይቀበሉም፤ እኔም በአማርኛ እየዘመርኩ አበላቸዋለሁ። አንድ ቀን ዞር ስል ልጃቸው በር ላይ ቆሟል። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው ቆሞ ያየኛል። እናቴን ትቆነጥጥብኛለች ብሎ የሚሰልለኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ድምፄን እየሰማ ነው።

ዴል ጣራ ጠጋኝ ነው፤ በትርፍ ጊዜው አኮርዲዮን ይጫወታል። አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌርና መኪና የሚጠግኑ ሁለት ወንድማማቾች ጓደኞች አሉት፤ አራት ሆነው የድሮ የመርከበኞች ዘፈን በጊታርና በድራም ይጫወታሉ። እኔም እንዳወጣላቸው ጠየቀኝ። ባሕሩ የት ነው አልኩት። በመኪና አሥር ሰዓት ነድተሽ ነው አለኝ። ከአራቱ አንድም መርከብ ላይ የሠራ የለም። ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዘፈን ሲሉ ከጀርባው ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። የባንዱን ስም ደረቅ መልሕቅ ያሉትም በራሳቸው ሲቀልዱ ነው።

ልምምዱ ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር፣ ዴል ጋራዥ ውስጥ ነበር። ያኔ ከአዲሶቹ ቤቶች ጀርባ ገና የበቆሎ እርሻ ነው፤ መከር ሲሆን የታጨደው አገዳ ሽታ ጋራዡ ድረስ ይገባል። ዘፈኖቹ ገመድ ሲጎትቱ የሚዘፈኑ ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው እየሳበ ይቀበላል። ይሄንንማ አውቀዋለሁ! አንደኛውን አውጥቼ አራት ወንድ ከኋላዬ «ሳበው!» ብሎ ሲመልስልኝ ሰውነቴን ነዘረኝ። እትዬ አስካለ ግን መርከበኛ ማለት ሰካራም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ምን ይሉናል ብላ አፍንጫዋን ነፋች። የሥራ ዘፈን ነው አልኳት፤ እውነቴን ነው። ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ አልተረጎምኩላትም።

የመጀመሪያው ቀን የዴል ሚስት ባቄላና ሥጋ አብራ የቀቀለችበትን ወፍራም ሾርባ ይዛ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ሺፍት ላይ ስለነበርኩ ሆዴ ይጮሃል። ትበያለሽ? አለችኝ። አይ ጠግቤያለሁ አልኩ፤ ሰው ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው። እሺ ብላ አለፈች! እስኪለምኑኝ ጠብቄ ጠብቄ በረሃብ ቤቴ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሰው እንዴት አንዴ ብቻ ይጠይቃል ብላ ተንገሸገሸች። በኋላ ዴልን ቤታችን ስትጋብዘው በቃኝ ባለ ቁጥር «አቶ ዴል፣ በሞቴ» እያለች ሦስት ሳህን ጥብስ አስበላችው። መኪና ውስጥ ገብተን ሆዱን ይዞ፣ አክስትሽ እየፈተነችኝ ነው እንዴ አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ መማር ነበረብኝ።

ሁለት በጋ እንዲህ ሄደ። የገበሬ ገበያ፣ የመንደር ትርዒት፣ የሱቅ ምረቃ፣ የጠሩን ቦታ ሁሉ እንጫወታለን። አንዱ ዘፈን የኔ ነበር። አንዲት እናት ወደብ ላይ ቆማ፣ የምትገባውን መርከብ ሁሉ ልጄን አይታችኋል ወይ ትላለች። እኔ እናቲቱን ሆኜ እጠይቃለሁ፣ አራቱ ይመልሱልኛል። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጠርጉ አያለሁ። ያን ዘፈን ሌላ ሰው ሲያንጎራጉረው እንኳ እቀና ነበር።

ከዚያ ከምሥራቅ ጠረፍ ግብዣ መጣ። የመርከበኞች ዘፈን በዓል አለ፤ እዚያው አንድ ሰውዬ በትንሿ ስቱዲዮው ዘፈኖቻችንን ይቀዳል። እኔ ላንጋኖ ካልተቆጠረ በቀር ባሕር አይቼ አላውቅም። እግሬን ውቅያኖስ ውስጥ ነክሬ ያን ዘፈን ልዘፍነው ተመኘሁ። ለማንም ሳልናገር ሺፍቴን ቀየርኩ፣ ውሃ የማይፈራ ጫማ ገዛሁ። አንድ ከሰዓት ተጫውተን እንደጨረስን ዴል ፓርኪንጉ ላይ፣ «ከእኛ ጋር ትመጫለሽ? ግዴታ የለብሽም» አለኝ።

«አይ፣ እኔ ልቅር፣ መኪናውም ይጠባችኋል» አልኩት።

ፊቴ እየነደደ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። እሱም ትንሽ አየኝ። «እሺ፣ እንዳልሽ» አለና አኮርዲዮኑን መኪናው ላይ ጫነ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሌላ ሰው ባያዘጋጁ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይለቁኛል? በሳምንቱ ጋራዡ ስገባ ጆዲ የምትባል ቀይ ጠጉር ያላት ልጅ ቫዮሊን ይዛ የኔ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ገና ስገባ ወሬው ጸጥ አለ። ዴል አንድ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ የኔ ዘፈን ግጥም ነው፣ ለእሷ ሊሰጣት ነው አልኩ። የበዓሉ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ፎቶዬን ከሁሉም ፊት አድርገውታል። መልኬን ሊሸጡበት፣ እኔን ሊጥሉ! አንዱንም አልጠየቅኳቸውም። እኔ አልጠይቅም፣ አጠራቅማለሁ። እትዬ አስካለም «ነግሬሽ ነበር» እያለች ቤንዚን አርከፈከፈችበት።

የሚሄዱበት ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ የምሄድ መስዬ በዴል ሰፈር አለፍኩ። ቫኑ ሲወጣ ጆዲ መስኮት ጋ ተቀምጣ እየሳቀች ነው። መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

ከባሕሩ ዳር ዴል ኮል አደረገ። አላነሳሁም። ደጋግሞ ሞከረ፣ ቮይስሜይል ተወ፤ ሳልሰማው አጠፋሁት። ሲመለሱ ከእሱ ጋር እንዳልገናኝ ሥራ ቦታዬን ወደ ሌላ ፎቅ አስቀየርኩ። በክረምቱ እናቱ ሲያርፉ፣ በእጄ ሳጎርሳቸው የኖርኩ ሴትዮ፣ ለቅሶ አልደረስኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባንዱም ጥቂት ዓመት ተጫውቶ መፍረሱን በወሬ ሰማሁ።

እና አሁን ሱቅ ውስጥ፣ እምቢ አላልኩህም አልኩት። እኛ ዘንድ መጀመሪያ አይ ይባላል፣ ትለምናለህ፣ እንደገና አይ ይባላል፣ ከሦስተኛው በኋላ ነው እሺ የሚባለው አልኩት። ዴል ይስቃል ስል አልሳቀም። የእትዬ አስካለን ሳህን ለመቁጠር መሰለኝ ዓይኑን ጣራው ላይ አቆየ። ያን ቀን ኪስህ የከተትከው ወረቀትስ? አልኩ። ወረቀቱን ጨርሶ አያስታውሰውም። ጆዲ ቫዮሊን ብቻ ልትጫወት ነበር የመጣችው፣ ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም አለኝ። ለካ እኔ የሰውን አፍ ሁሉ ስጠረጥር የራሴን አፍ አንድ ቀን ጠርጥሬው አላውቅም።

«ያንቺን ዘፈን ማንም አልዘፈነውም» አለኝ። «መልሱን ብቻ ቀድተን ያንቺን ቦታ ክፍት ተውነው። ስንመለስ እዚህ ታስገቢዋለሽ ብለን ነው። ኮል ያደረግኩልሽ ለዚያ ነበር።»

ስልኩን አውጥቶ ቅጂውን እዚያው ሽሮው መደርደሪያ ጋ ከፈተው። አኮርዲዮኑ ይጀምራል፣ ከዚያ ባዶ ነው። ከባዶው ቀጥሎ አራት ወንዶች ለሌለ ሰው ይመልሳሉ። እንደገና ባዶ፣ እንደገና መልስ። ከወንድማማቾቹ ትልቁ እንደሞተ ዴል ነገረኝ፤ ጎርናናው ድምፅ የእሱ ነው።

ሊያ ጠጋ ብላ አዳመጠች። «ማም፣ ሁ አር ዘይ አንሰሪንግ?» አለችኝ፤ ለማን ነው የሚመልሱት ማለቷ ነው። ለእኔ ነው አልኳት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

ዴል ስልኩን መለሰ። «ጋራዡ አሁንም አለ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«ኧረ ተወኝ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ድምፅ አለኝ» አልኩ። ልማድ ነው፣ ሳላስበው ወጣ።

«እሺ» አለና ጋሪውን ገፋ። ካሸሯ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዞር አለ።

«ይሄ አንደኛው ነበር አይደል?» አለኝ። «ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

ሦስተኛውን አላስጠበቅኩትም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከትናንት ጀምሮ ዝንጅብል በማር እጠጣለሁ። ዴል ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኮል አድርጎ መምጣቴን አረጋገጠ፤ ምን አስቦ ይሆን ብዬ ግማሽ ቀን ስጠረጥረው ዋልኩ፣ አመል አይለቅም። ጉሮሮዬ እንደ ድሮው ባይሆንም እሄዳለሁ። ያ ጎርናና ድምፅ ሰውየው አልፎም እየመለሰልኝ ነው፤ እስካሁን ያስጠበቅኩት ይበቃዋል።