እትዬ ጸዳለ ያላመኑት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባልኝ። «እማዬ፣ ስልኬ ወድቆ ተሰበረ፤ ከአሁን በኋላ በዚህ ቁጥር ጻፊልኝ» ይላል። ልጄ ከፊቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ ያልተሰበረ ስልኳን ትነካካለች። ባሳያት ቀና እንኳ ሳትል «ስካም ነው፣ ብሎክ አድርጊው» አለችኝ። እኔ ግን ወዲያው አላጠፋሁትም። ነፍሳቸውን ይማርና እትዬ ጸዳለ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቢሆኑ ለዚያ ሌባ ምን ብለው ይመልሱለት ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

እትዬ ጸዳለን ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቶሮንቶ በገባሁ ሰሞን ነው። ሪጀንት ፓርክ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ሰጥተውኝ አብረን እንኖር ነበር። በሱዳን በኩል የመጡ፣ እናቴን የሚያክሉ፣ ቀኑን ኢቶቢኮ ባለ መጋዘን ካርቶን ሲያሽጉ የሚውሉ ሴት ናቸው። ሰው በቀላሉ አያምኑም። ለጾም ብዬ የገዛሁትን ዳቦ፣ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ካስነበቡኝ በኋላ «ይኼን የጻፈው ማነው?» ይሉኝ ነበር። ዳቦ ሻጩ ነው ካልኳቸው ደግሞ «ታዲያ ቅቤ አለው ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል?»

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ብሩክ ይባላል። ጥለውት ሲሰደዱ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር። አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ አድጎ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሕንድ አገር ፑኔ የምትባል ከተማ ይማር ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ፣ በረዶው ቀን ቀን እየቀለጠ ጫማ የሚያበሰብስበት ወቅት ላይ፣ እሳቸው ሥራ እያሉ ብሩክ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሱኒታ የምትባል የክፍል ጓደኛውን ሊያገባ እንደሚፈልግ፣ ቤተሰቦቿ ግን ሌላ ባል እንዳዘጋጁላት፣ እናቱ ካልመረቀችው እንደማያገባ፣ መልሱ ቶሎ ካልደረሰው ግን ልጅቷን እንደሚድሯት በጥድፊያ ነገረኝ። የኢሜይል አድራሻውን አስጽፎኝ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

ማታ ስነግራቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «አንቺ ድምፁን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እንደማላውቀው እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔም እኮ አላውቀውም። ጎርምሷል» አሉ። እንደዚያ ያዘነ ሰው ፊት መቆም ያስጨንቃል።

ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ኮምፒውተር ለማግኘት ወረፋው አይቀመስም። ጄራርድ መንገድ ላይ ግን፣ የሕንዶቹ ሱቆች ከተደረደሩበት፣ መስኮቱ ላይ ከማንጎው ካርቶን በላይ «ኢንተርኔት» የሚል ወረቀት የለጠፈ ቅመም ቤት አይቼ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ በስትሪትካር፣ በመንገድ ባቡሩ፣ ይዣቸው ሄድኩ።

ገና በሩን ስንከፍት የእርዱና የቁንዶ በርበሬው ሽታ ተቀበለን። እትዬ ጸዳለ አንዱ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን ከተው አውጥተው አሸተቱ። «አብሽ!» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከእኛ ነው የወሰዱት። ነጭ አዝሙዱንስ አታይም?» ምናልባት እኛ ከእነሱ ወስደን እንደሆነስ ብላቸው አኮረፉኝ። የሱቁ ባለቤት ሚስተር ጆሺ ሹራብ የደረበ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ነበር። «ማ-ጂ» እያለ ወንበር ሳበላቸው። ምን እንደሚላቸው ጠየቁኝና እናቴ እንደማለት ነው አልኳቸው። «እኔ አልወለድኩትም» አሉ።

ኮምፒውተሩ ከጓዳው ነበር። በላዩ የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ሥዕል የአበባ ጉንጉን ተደርጎለት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በሳህን ጣፋጭ ተቀምጦለታል። ኮምፒውተሩ በስልክ መስመር ሲደውል ያ የሚታወቀው ጩኸትና ፉጨት ተጀመረ፤ እትዬ ጸዳለ አማተቡ። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እየጻፍኩ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ አንተው ራስህ ጻፍልን አልኩት። ስንወጣ ሚስተር ጆሺ ከሳህኑ አንዳንድ ክብ ጣፋጭ አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠን። ለጣዖት የቀረበ መሆኑን ዓይናቸው አይቷል፤ ቢሆንም ሰውየውን ማሳፈር አልፈለጉም። አመስግነው ተቀብለው በመሐረብ ጠቀለሉት። ውጪ ወጥተን ጥጉን እንደታጠፍን ፈርፍረው ለርግቦቹ በተኑላቸውና «እነሱስ አያውቁም» አሉ። የእኔን ግን ቀድሜ ውጬው ነበር፤ ሽምብራ ዱቄትና ሄል ያለበት፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። ቅቤ እንዳለው የገባኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው።

ሰኞ ማታ ከሥራ ተመልሰው ስንሄድ መልሱ መጥቷል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው። ልጅቷ ጥሩ ሰው መሆኗን፣ በታመመ ጊዜ የአገሯን የምስር ወጥ እየሠራች እንዳስታመመችው፣ ምርቃታቸውን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእጅ ጽሑፉ የታለ? ይኼ ፊደል የማንም ፊደል ነው። ድምፁም የአንቺ ነው። የልጅቷ ወንድሞች ቢጽፉትስ? ይኼ ሰውዬ እዚሁ ጓዳ ቁጭ ብሎ ቢጽፈውስ?»

ይህን እንዳሉ ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ አረፈ። ሚስተር ጆሺ አይቷቸው ታሪኩን ነገረን፤ እኔ አስተረጎምኩ። እናትየው ገላዋን ከተቀባችው እርድ ልጅ ሠርታ በር ጠባቂ አደረገችው። አባትየው ከሩቅ አገር ሲመለስ ልጁ አላውቅህም ብሎ ከበር መለሰው። አባት ልጁ መሆኑን ሳያውቅ አንገቱን ቀላው። እናትየው ዓለምን ላጥፋ ብላ ስትነሣ፣ መጀመሪያ የተገኘውን ራስ፣ የዝሆን ራስ፣ አምጥተው ገጠሙለት።

እትዬ ጸዳለ ተረት ነው ብለው ይተዉታል ስል፣ «እናቱስ?» ብለው ጠየቁ። «በዚያ መልኩ ተቀበለችው?»

ሚስተር ጆሺ ጥያቄው ገረመው። «ልጇ አይደለም እንዴ?» አለ።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ። የክርስትና ስምህ ማነው በይው።»

ጻፍኩ። ብልህ ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ በስትሪትካሩ ስንመለስ ግን እሳቸው ደጋግመው ያማትቡ ጀመር። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት ስንቱን ነግረውኛል። በጣዖት ቤት፣ በባዕድ ማሽን፣ የልጄን ስም በገዛ እጄ አስጠራሁት እያሉ መንገዱን ሙሉ ራሳቸውን ረገሙ። እኔም ፈራሁ፤ ምኑን እንደፈራሁት ግን አላውቅም።

እንደገና ስንሄድ ኮታቸውን እንደለበሱ ከኋላዬ ቆሙ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«አልናገርም። ከንስሐ አባትህ በቀር ለማንም እንዳትናገር ብላ ያስማለችኝ እናቴ ናት። እናቴ በሰው አገር ማሽን ይኼን አትጠይቀኝም። ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?»

ስዞር አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው እንባቸው ይወርዳል፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይነቃነቃል። «እሱ ነው» አሉኝ። «የእኔው ልጅ ነው።»

ከዚያ እኔ እየጻፍኩ እሳቸው ተናገሩ። መጀመሪያ አንተ ባለጌ፣ እናትህን ነው የምትጠረጥረው ብለው ሰደቡት። ከዚያ መረቁት፤ ምርቃቱ ረዝሞ ሚስተር ጆሺ ሰዓቱን ማየት ትቶ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። ሠርጉ በሁዳዴ እንዳይሆን፣ የልጅቷንም ነገር ካየኋት በኋላ እናገራለሁ ብለው ጨረሱ። በኋላ በኋላ ጥያቄው ሆን ብዬ ያጠመድኩት ወጥመድ ነበር ይሉ ጀመር። እኔ አላመንኳቸውም፤ መጠርጠር ከእሳቸው ተምሬያለሁ።

ሱኒታና ብሩክ ቶሮንቶ መጥተው ከእሳቸው ጋር ኖሩ። በቅቤ ነገር ከምራታቸው ጋር ያልተጨቃጨቁበት ጾም የለም። ድስታቸውን ለይተው ያስቀምጡ ነበር።

አምና አረፉ። ለፍትሐቱ ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ ብሩክ ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ እሱ። ለልጃቸውም አልነገሩትም። ያን ጊዜ ሱኒታ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጠጋ ብላ በቄሱ ጆሮ ነገረቻቸው።

ከቀብር መልስ ለብቻዋ አግኝቼ እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። «እነሱ ይረሱታል፣ አንቺ ያዢልኝ አሉኝ» አለችኝ በዚያ በእሳቸው ዓይነት አማርኛዋ። ከእሷ በፊት አብሬያቸው የኖርኩት እኔ ነኝና ቀናሁ፤ አልዋሽም። ታዲያ ማን ይባላሉ አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አይነገርም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተገናኝተናል፤ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እትዬ ጸዳለ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲጠረጥሩ ኖረው፣ የሚያምኑትን ሲመርጡ ግን አልተሳሳቱም።