ዓሣ የማይበሉት ዓሣ ጠባሽ

ባለፈው ሳምንት ባምቢስ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ምሳ ልንበላ ገባን። ጾም ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል፤ የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ሰው ይቀበላል። በዚያው ቀን የተዋወቅነው አንድ ልጅ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ፣ «እኔ ዓሣ አልበላም» አለ።

«ምነው፣ ከመነኩሴ ልትበልጥ ነው?» ብለው ሳቁበት።

እኔ ግን ሳላስበው፣ «ማን ሞቶብህ ነው?» አልኩት።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ልጁ ግራ ገብቶት፣ «ኧረ አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ስለሚሰነቀር ነው» አለ። አፌን ምን እንዳስቀደመው ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ነገሩ የጋሽ እድሪስ ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ወሬ የማያሰማ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ዓሣ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጅዳ ብዙ ዘመን ሠርተው የተመለሱት ወሎዬው ሐጂ ሰይድ ሲሆኑ፣ ጠባሹ ደግሞ ጋሽ እድሪስ ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የፈታሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልወድ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ቤት ግን ያለ ሥራ ግማሽ ቀን እቀመጥ ነበር፤ ጋሽ እድሪስ ባሕር ያወሩልኛላ!

የዳህላክ ደሴት ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ያጠመዱት በባዶ እጃቸው በያዙት ገመድ ነው፤ መዳፋቸው ላይ የገመዱ መንገድ እንደ ጠባሳ ቀርቷል። «ዓሣ የሚፈለገው ውኃ ውስጥ አይደለም፣ ሰማይ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ወፎቹ ተሰብስበው የሚወረወሩበት ቦታ ላይ ዓሣው አለ። የተረፈውን ሆዱን ቀደው፣ ጨው ነስንሰው ድንጋይ ላይ ያደርቁታል። ከዝዋይ የሚመጣውን ዓሣችንን ሲያጥቡ «ጨው ያላየ ምስኪን» እያሉ ይሰድቡታል። ታዲያ አንድም ቀን ሲቀምሱ አላየሁም። ምሳቸው ሁልጊዜ ሽሮ ነበር። እኛም፣ «ሲጠብሱ ሲውሉ ሽታው አጥግቧቸው ነው» ብለን ትተነዋል።

ያኔ የምጽዋ መንገድ ክፍት ነበር። አንድ የክረምት ቀን፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ቆይቶ ሲያባራ፣ ሁመድ የሚባል ወጣት የከባድ መኪና ሾፌር ገባ። የጋሽ እድሪስን አነጋገር ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እሱም የዚያው ደሴት ልጅ ኖሯል። ወዲያው ከሳህኑ የዓሣውን ጭንቅላት ቆርሶ፣ «ይኼ የታላቅ ነው» ብሎ ዘረጋላቸው።

ጋሽ እድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደኋላ አፈገፈጉ።

የሁመድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታው ጠፋ። «ባሕሩ ማንን ወሰደብዎት?» አላቸው።

ከዚያ ወደ ዓረብኛ ገቡ፤ ሐጂ ሰይድ ናቸው በጆሮዬ እየተረጎሙ የነገሩኝ። በነሱ ደሴት፣ ሰው ባሕር ላይ ያለቀበት የጀልባ አለቃ እስኪሞት ድረስ ዓሣ አይበላም። ሰዎቹን ዓሣው በልቷቸዋልና። ብቻውን ተርፎ በሟቾቹ ሚስቶች ፊት መቆምም የሚሆንለት የለም። ጋሽ እድሪስም እንዲህ ያለ አለቃ ነበሩ፤ ሁመድ ገና ሕፃን ሳለ ማዕበል ጀልባቸውን ሲገለብጥ ሳንቃ ይዘው ተንሳፈፉ፤ የየመን ዓሣ አጥማጆች አግኝተው አሰብ አደረሷቸው። ወደ ቤታቸው ፊታቸውን ማዞር ስላቃታቸው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ።

«ሳልሕን፣ ዓሊን፣ የመሐመድን ልጅ አብደላን» አሉ ጋሽ እድሪስ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ሁመድ ብድግ ሲል የተቀመጠበት ዱካ ተገለበጠ። «አብደላ አባቴ ነው! ቤት ነው ያለው። ሦስቱም የተገለበጠውን ጀልባ ይዘው ወጥተዋል። ሬሳ ሳይኖር የሙት ሶላት የሰገድነው ለእርስዎ ነው!»

ዘይቱ ይንጨረጨራል፣ ዓሣው ያርራል፣ የሚያወጣው ሰው የለም። ጋሽ እድሪስ እዚያ ዘይት የጠገበ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፉ። የወደቁ መስሎኝ ላነሣቸው ስል ሐጂ ሰይድ ያዙኝ። «ተዋቸው፣ እያመሰገኑ ነው።»

ሲነሡ ፊታቸው እንባ በእንባ ነበር። «ፋጡማስ?» አሉ። ሚስታቸው ናት።

ሁመድ አንገቱን ደፋ። «አባቴ አገባት። የአለቃው ቤት እንዳይፈርስ፣ ልጆቹም እንዳይበተኑ ብለው ሽማግሌዎቹ እሱን መረጡ።» ቀስ ብሎ ደግሞ፣ «ከተመለሱ ግን በሸሪዓው ምርጫው የእርስዎ ነው» አለ።

ድንጋጤዬ ወደ ንዴት ዞረብኝ። «ይሂዱና ይውሰዷት እንጂ ጋሼ! የእርስዎ ሚስት አይደለችም?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሚስት ሳታገባ ሚስት አታስመልስ» አሉኝ። ወደ ሁመድ ዞሩና ሐጂ ሰይድን ምስክር አድርገው፣ «ፋጡማን ፈትቻታለሁ፤ ቃዲው ኒካዋን ያድስላት። ልጆቼ ሊያዩኝ ከፈለጉ መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ» አሉት።

«ለአባቴስ ምን ልበለው?»

«መልሕቁን ጣል ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ ሚስቴን አታገባም ነበር በለው!»

ሁመድ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። ጋሽ እድሪስ ግን እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ቅድም የተዘረጋላቸውን ጭንቅላት ከሳህኑ አንሥተው ጎረሱ። እያኘኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ዙሪያቸውን የቆምነውን ሁሉ በቁጣ አዩን። «ይኼን ነው ስትበሉ የኖራችሁት?»

በዚያ ዕድሜዬ ለሳምንታት አኩርፌያቸው ነበር። ቤቱንና ትዳሩን ያለ ጥፋቱ የተነጠቀ ሰው እንዴት ያመሰግናል? እሳቸው ግን ሲጠብሱ መዝፈን ጀመሩ። ሚስት እንደተነጠቁ እንጂ ያን ቀን ሦስት ሬሳ ከትከሻቸው እንደወረደ አልገባኝም ነበር።

ጋሽ እድሪስ ካረፉ ቆይተዋል። ዓሣ ቤቷም ፈርሳ ፎቅ ተሠርቶባታል። እኔም እየጎለመስኩ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። መኪና ተገለበጠ፣ ቤት ተቃጠለ ሲባል ሰዉ ሁሉ «ማን ሞተ?» ብሎ ይሮጣል። እኔ «ማን ተረፈ?» እላለሁ፤ የተረፈው ሰው ሌሎቹ መትረፋቸውን የነገረው ይኖር እንደሆነም እጠይቃለሁ።