አማቴ ሐይቅ የገቡ ዕለት

አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጃችን ሊወለድ ሲል ነው፤ በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ላይ። ሁለት ወር ቆይተው ሊመለሱ ነበር። በኮሮናው ምክንያት በረራው ተሰረዘ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተሰረዘ፤ በዓመቱም ካናል ዊንቸስተር ቤታችን ውስጥ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔና እሳቸው ያወራነው «እንዴት ዋልክ?»፣ «ይመስገን፣ እርስዎስ?» ብቻ ነው። ከዌርሃውስ ሥራዬ ስገባ ከሶፋው ይነሱልኛል፤ እኔ እንዳይነሱ እለምናለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ቆመን እንቀራለን።

በቀጣዩ ሰመር ባለቤቴ ኤሪ ሐይቅ ውስጥ ካለች ደሴት ላይ ጭር ያለ ቢች ስልኳ ላይ አየች። ነድተን ሄድን፤ መኪናዋን ጀልባ ላይ ጭነን ተሻገርን። ቢቹ ለምን ጭር እንዳለ ስንደርስ ገባን፤ አሸዋ የለውም። ድሮ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ ሥር ነው። ከኋላ ተቆርጦ የቀረ የድንጋይ ገደል፣ ከፊት ጠጠርና ውሃ።

ባለቤቴ ልጁን አቅፋ ዛፍ ሥር ተኛች። አማቴ ውሃውን ሲያዩ ቆዩና፣

«አንተ፣ እስቲ ዞር በል» አሉኝ።

«ምነው እማማ?»

«ልገባ ነው።»

ፊቴን ወደ ካባው አዙሬ ቆምኩ። ከኋላዬ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ፣ ቀጥሎ ውሃው ተንቦጫረቀ። ዋና ይችሉ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ዞሬ ባያቸው ነውር ነው፤ ሳላያቸው ቢሰምጡ ደግሞ ለባለቤቴ የምለው የለኝም።

«እማማ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ቆየሁ። «አሁንስ?»

«አለሁ አልኩህ እኮ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ስጣራ መልስ የለም። ዞርኩ፤ ከነጫማዬ እየሮጥኩ እስከ ወገቤ ገባሁ። አማቴ በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። ቀሚሳቸው ዙሪያቸውን ተዘርግቷል፣ ጆሯቸው ውሃ ውስጥ ነው። አዩኝ። ምንም አልተፈጠረም።

«ሐዋሳ ነው ያደግሁት» አሉ። «ካገባሁ ወዲህ ግን ውሃ ገብቼ አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ አይወድም ነበር።»

«ለምን?»

«ማን ጠይቆት!»

ባለቤቴ ስትነቃ ሁለታችንም ርሰን ጠጠሩ ላይ ተቀምጠናል።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ባልሽ ሊሰምጥ ነበር» አሉ አማቴ።

አላስተባበልኩም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ አማቴ ከመኪናው ወርደው ከጎኔ ቆሙ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ፣ ዋና ያስተማሯቸውም ከታንኳ ላይ ወርውረው እንደሆነ እስክንሻገር ድረስ አጫወቱኝ። እኔ ካልሲዬን እየጨመቅኩ አዳመጥኩ።